አንድ ጽሕፈት፣ ሁለት ንባብ፦ «ዠንሊ» እና «ሺንሪ»

ቻይናዊ «ዠንሊ» ይላል፣ ጃፓናዊ «ሺንሪ»። ወረቀት ላይ ግን የሚጽፉት ያንኑ ሁለት ምልክት ነው። ሁለቱም «እውነት» ተብሎ ይተረጎማል። ግራ መጋባቱም እዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ምልክት «እውነተኛ» ማለት ነው፤ ብዙ አያነጋግርም። ሁለተኛው ግን ታሪክ አለው። ድሮ ጄድ የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የተፈጥሮ መስመሩን ተከትሎ መሥራትን ያመለክት ነበር። ኋላ ላይ «ሥርዓት»፣ «ምክንያት»፣ «መርሕ» ወደሚል ትርጉም ሰፋ። ሲገጣጠሙ ነገሮች ሁሉ የሚመሩበት እውነት ይሆናል። በሃይማኖት፣ በፍልስፍናና በሳይንስ የሚፈለገው ዓይነት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቻይናን ያነጋገረው «የእውነት ብቸኛው መመዘኛ ተግባር ነው» የሚለው ጽሑፍ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው።

«ብርጭቆውን ማን ሰበረው? እውነቱን ተናገር!» ለማለት ግን አይሆንም። ልጅን በፍልስፍና ማፋጠጥ ይሆናል! ለዚህ ጃፓኖች «ሺንጂትሱ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው። ወጥመዱ ደግሞ እሱ ላይ ነው። ያው ቃል ቻይንኛ ውስጥም አለ፣ «ዠንሺ» ተብሎ ይነበባል። እዚያ ግን በብዛት ቅጽል ነው፦ «እውነተኛ ታሪክ» እንደምንለው። የተፈጸመውን ነገር እውነት ቻይናውያን «ዠንሺያንግ» ይሉታል።

ጃፓንኛ ለሚማር አንድ ነገር ልጨምር። «ሥነ ልቦና» የሚለውም ቃል «ሺንሪ» ተብሎ ይነበባል። ምልክቶቹ ሌላ ናቸው፤ ጆሮ ግን አይለያቸውም።