ርካሽ ፋስና ቶማሃውክ፦ ያላለቀውን ከማይድነው መለየት

ርካሽ ፋሶች ተደርድረው ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። ቀለም የተቀባ ራስ፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ዛቢያ፣ ቅቤ እንኳ የማይቆርጥ አፍ። ብዙ ሰው ገዝቶ ሁለት ሦስቴ ይመታባትና «ከርካሽ ምን ይጠበቃል» ብሎ ጥግ ይጥላታል። እኔ ብዙ ርካሽ ፋስ ስያለሁ፣ ብዙ ዛቢያ ቀይሬያለሁ። የደረስኩበት ሌላ ነው። አብዛኞቹ ብረታቸው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሥራቸው ሳያልቅ የተሸጡ ናቸው። ፋብሪካው ዋጋ ለመቀነስ የተወውን ሥራ ገዢው ቤቱ ይጨርሰዋል። ከባዱ ነገር ያላለቀችውን ፋስ ከማትድነው መለየት ነው።

ፋስ ስንል በአንድ እጅ የምትያዝ ትንሽ መጥረቢያ ማለታችን ነው። ራሷ አብዛኛውን ጊዜ ከ450 እስከ 700 ግራም ይመዝናል። ዛቢያዋ ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ጭራሮ ለመቁረጥ፣ ቀጫጭን ፍልጥ ለማውጣት፣ ካስማ ለመቅረጽና ለመትከል ትሆናለች። ትልቅ ግንድ የእሷ ሥራ አይደለም።

ቶማሃውክ፣ ማለትም ረጅም ዛቢያ ያለው ቀላል መጥረቢያ፣ ዘመዷ ነው፤ ጠባዩ ግን ይለያል። ስሙ የመጣው በዛሬዋ ቨርጂኒያ ይኖሩ ከነበሩት የፓውሃታን ሕዝቦች ቋንቋ ሲሆን፣ እንግሊዝ ሰፋሪዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰምተው ወሰዱት። መጀመሪያ ራሱ ድንጋይ ነበር። በኋላ የአውሮፓ ነጋዴዎች የብረት ራስ ይዘው መጡ። አንጥረኛው ጠፍጣፋ ብረት በዘንግ ላይ አጥፎ ሁለቱን ጫፎች በእሳት ያጣብቅ ነበር። ስለዚህ ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ክብ ወይም የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያዘ። ዛቢያው እንደ ዶማ ከላይ ይገባና እየሰፋ ሄዶ ራሱን ያጠብቃል፤ እንደ ፋስ ዛቢያውን የሚወጥር ሽብልቅ አያስፈልገውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርባው ላይ የትንባሆ ፒፓ ያለው ዓይነትም መጣ፤ በስጦታና በስምምነት ሥነ ሥርዓት ላይ ይሰጥ ነበር። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ፒተር ላጋና የተባለ አሜሪካዊ ወደ ቬትናም ለሚሄዱ ወታደሮች ቶማሃውክ ሠርቶ ሸጠ። ዛሬ ገበያውን የሞሉት ጥቁር፣ ጀርባቸው ላይ ሹል ያላቸው «ታክቲካል» (ወታደራዊ መልክ ያላቸው) ቶማሃውኮች የዚያ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሁሉ ሰው የሚጀምረው ከብረቱ ስም ነው። እኔ መጨረሻ ነው የማየው። 1055 የሚባለው ብረት 0.55 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው፤ ለመጥረቢያ በቂ ነው። ውድ የስዊድን መጥረቢያዎችም ቢሆኑ ከዚህ እጅግ የራቀ ተአምር የላቸውም። ልዩነቱን የሚያመጣው ብረቱ በእሳት ግሎ የቀዘቀዘበትና ከዚያ በኋላ በልኩ የለሰለሰበት መንገድ ነው። አንድ ዓይነት ብረት ከአንዱ እጅ ጥሩ ፋስ፣ ከሌላው እጅ የበር ማስደገፊያ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ጥሩ ሞረድ ይበቃል። አፏ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ሞረዱ እንደ መስታወት ላይ ከተንሸራተተ ብረቱ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው፤ ጉጥ ሲነካ ይሸረፋል። ያለምንም ትግል እየቦረቦረ ከሄደ ለስላሳ ነው፤ አፏ ይታጠፋል። ጥሩዋ ፋስ ሞረዱን ትቀበለዋለች፣ ግን ትታገለዋለች። እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ፋብሪካ ውስጥ አፉ በችኮላ ሲሞረድ ጫፉ ግሎ ሊለሰልስ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ግፊቶች አትመኑ። ያ ስስ ጫፍ ሲወገድ ከሥሩ ደህና ብረት ሊወጣ ይችላል። «ፋሴ ለስላሳ ናት» ብሎ የሚጥል ሰው ብዙ ጊዜ እዚህች ጋ ነው የሚሳሳተው።

ሞረድ ሳይነካ በዓይን የሚታይም አለ። ፋሷን ገልብጡና አፏን ወደ ላይ አድርጋችሁ በዛቢያው ርዝመት እዩ። አፏ ከዛቢያው መሃል ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ትንሽ ብትዘም አትጎዳም። በግልጽ ከጠመመች ግን መልሷት። ቀጥሎ የዛቢያውን ጎን እዩ። የእንጨቱ መስመሮች ከላይ እስከ ታች ይሂዱ። መሃል ላይ ወደ ጎን ከወጡ እዚያው ጋ ነው የሚሰበረው። ዛቢያው ሙሉ በሙሉ ቀለም ከተቀባ ይህን ማየት አይቻልም፤ ቀለም የተቀባ ዛቢያ የማልገዛውም ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዛቢያውና ራሱ የሚገናኙበትን ቦታ መርምሩ። አንዴ የገዛኋት ርካሽ ፋስ በሦስተኛው ምት ራሷ ወልቆ ከኋላዬ አረፈ። ደግነቱ አጠገቤ ሰው አልነበረም። ቀዳዳውን ሳየው ሽብልቁ ግማሽ ድረስ ብቻ ገብቷል፤ የቀረው ክፍተት በሙጫ ተሞልቶ በላዩ ቀለም ተቀብቷል። ብረቷ ግን ደህና ነበር። አዲስ ዛቢያ ሠራሁላት፣ ዛሬም ትሠራለች። ከዚያ ወዲህ ፋስ ስገዛ መጀመሪያ የማየው የራሷን አናት ነው። እንጨቱ ቀዳዳውን ዙሪያውን ሞልቶታል? ሽብልቁ ጠልቆ ገብቷል? መልሱ አዎ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል።

አንዳንዱ የላላ ራስ ለማጥበቅ ፋሱን ውሃ ውስጥ ይነክራል። እንጨቱ አብጦ ለአንድ ቀን ይይዛል። ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ይላላል። ሽብልቁን ማጥበቅ ወይም መቀየር ይሻላል። ከዚያ ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት አንሱና የተልባ ዘይት ቀቡት። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ እንዳትጥሉት። በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን ወደ አፏ። ርካሽ ፋስ ከሳጥኑ ስትወጣ አፏ ደንዳና ነው፤ እንጨት ትጨፈልቃለች እንጂ አትቆርጥም። ሞርሳ ላይ እሰሯትና ጓንት አድርጉ። አፏን በማርከር ቀቡት። ሞረዱን አንዴ ስታስኬዱ ማርከሩ የለቀቀበት ቦታ የት እየነካችሁ እንደሆነ ያሳያችኋል። በእያንዳንዱ ጎን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። በሌላው ጎን ጣታችሁ የሚያገኘው ሻካራ ጠርዝ ሲወጣ ገልብጣችሁ ድገሙ። በመጨረሻ መሳያ ድንጋይ አስከትሉ። አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። በኤሌክትሪክ ግራይንደር ግን አትቸኩሉ። አፏ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለማይፈልግ ሰው መካከለኛ ዋጋ ያላቸው አማራጮች አሉ። ከ1923 ጀምሮ መሣሪያ የሚሠራው የአሜሪካው እስትዊንግ ራሱንና እጀታውን ከአንድ ብረት ቀጥቅጦ ያወጣል። የሚላላ ነገር የለም። በምትኩ ምቱ እጅ ድረስ ይነዝራል፣ ብረቱም ለስለስ ስለሚል ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል። በ1649 በብረት ማቅለጥ የጀመረው የፊንላንዱ ፊስካርስ ኤክስ7 የተባለችውን ትንሽ ፋስ ይሸጣል። እጀታዋ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው፤ ሙሉ ክብደቷ 640 ግራም ገደማ። ከሳጥኑ ስትወጣ ስለታም ናት። እጀታዋ ከተሰበረ ግን መቀየር አይቻልም። መሣሪያ መጠገን ለማይወድ ሰው ፊስካርስን እመርጥለታለሁ።

ቶማሃውክ ላይ ሚዛኑ ይቀየራል። ርካሽና ጥሩ የሚባለው ከ1055 ብረት የተቀጠቀጠ ራስና የሂኮሪ እንጨት ዛቢያ ያለው ተራው ዓይነት ነው። ኮልድ ስቲል የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው ትሬይል ሆክ ጥሩ ምሳሌ ነው። ርዝመቱ 56 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ቀላል ነው፤ ዛቢያው ረጅም ስለሆነ ሲወነጨፍ ጥሩ ፍጥነት ያገኛል። ራሱን የያዘችውን ትንሽ ብሎን ፍቱ። ቀዳዳው ውስጥ የተቋጠረውን ቀለም ፋቁ። ዛቢያውን በጥቂቱ እየላጋችሁ ራሱ ተስተካክሎ እስኪቀመጥ ሞክሩ። ዛቢያው ሲሰበር በሌላ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሲወረወር ዛቢያ ቶሎ ስለሚሰበር ለውርወራ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ግን ፍልጥ ላይ ደካማ ነው። ጎኖቹ ቀጭን ናቸው። እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ አይከፍተውም፣ ይቀረቀራል። የፋስ ጎን ወደ ኋላ እየሰፋ ስለሚሄድ እንደ ሽብልቅ ይገፋል።

በናይለን እጀታ ላይ በብሎን የታሰረውን ርካሽ የማይዝግ ብረት ቶማሃውክ ግን ለእንጨት ሥራ አልመክርም። ብረቱ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። ብሎኖቹ ይላላሉ። ጀርባው ላይ ያለው ሹል ካስማ ለመምታት አይሆንም፣ ወደ ባለቤቱ ግንባር ነው የሚያይ። በዚያው ገንዘብ ጥሩ ፋስና ሞረድ ይገዛል።

ፋስ አጭር ናት፤ አደጋዋም ከዚያ ይመጣል። የረጅም መጥረቢያ ምት ሲስት መሬት ያገኘዋል። የፋስ ምት ሲስት ግን ጉልበት ወይም ቅልጥም ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ተንበርከኩ፤ ከፊታችሁም ጉቶ ይኑር። ቀጭን እንጨት ለመፍለጥ ፋሷን ማወናጨፍ አያስፈልግም። አፏን እንጨቱ ጫፍ ላይ አስደግፉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያዙና አብራችሁ ጉቶው ላይ አውርዱ። አንዴ ትገባለች። ሁለተኛው ላይ እጃችሁን ትንሽ ስታጣምሙ እንጨቱ ጧ ብሎ ለሁለት ይከፈላል።