ዚንክና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሕፃናት ተቅማጥ ሕክምና

ከኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች እስከ ቡራዩና ሰበታ ድረስ፣ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አጣዳፊ ተቅማጥ ሲይዘው የሚታዘዝለት ሁለት ነገር ነው፦ በፓኬት የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) እና የዚንክ ኪኒን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበትና ጀሪካን ከደጅ በማይጠፋበት ሰፈር ሁለቱም የታወቁ ናቸው።

ቀድሞ ተቅማጥ የጥርስ ነው እየተባለ ግግ ይወጣ፣ እንጥል ይቆረጥ ነበር፤ ትርፉ መድማትና መመርቀዝ ነው። ዛሬም ፈጽሞ ቀርቷል ማለት ያስቸግራል።

ኦአርኤስ ዝናውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ስደተኞች መካከል በገባው ኮሌራ ነው። ዚንክ የታከለበት ዘግይቶ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት የጋራ መግለጫ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ መከሩ። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ በኋላ ሕክምናው ወደ ጤና ኬላ ወረደ። ቦርሳ አንግተው ቤት ለቤት የሚዞሩት እነዚያ ወጣት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሠሩትን ያህል የተመሰገኑ አይመስልም።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ኪኒኑ በማንኪያ ላይ በንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የጡት ወተት ይሟሟል። የኦአርኤሱ ፓኬት በአንድ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ ብዙ ቤት መለኪያው የአንድ ሊትር ሃይላንድ ነው። ግማሽ ሊትሩን ሃይላንድ በአንድ ሊትር ቦታ መጠቀም ጨውን እጥፍ ስለሚያደርገው አደገኛ ነው። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሦ በዝግታ መቀጠል ነው። ጡትም ምግብም አይቋረጥም።

በጤና ጣቢያ ኦአርቲ ኮርነር፣ ማለትም ተቅማጥ የያዘው ልጅ ኦአርኤስ በሚጠጣበት ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጆግና ኩባያ አይጠፋም። የልጁ ሆድ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ከተመለሰና ዓይኑ ከጎደጎደ፣ በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ሒሳብ በአራት ሰዓት ውስጥ ይጠጣል፤ አሥር ኪሎ ለሚመዝን 750 ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ኪኒኑ ላይ ነው። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ሲቆም አሥር ፍሬ ከነበረው ማሸጊያ ሰባቱ ቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጣል፣ ቆይቶም ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል። ዚንኩ ግን ለቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ወራት ተቅማጡ እንዳይመላለስ የሚረዳው እስከ መጨረሻው ሲወሰድ ነው። መጠኑ በዛ የሚሉም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ የህንድና የታንዛኒያ ጥናት 5 እና 10 ሚሊ ግራምም ከ20ው እንደማያንሱ፣ ትውከትም እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ከስድስት ወር በታች ላሉት ጥቅሙ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ባለሙያዎች አይስማሙም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ክረምት አዲስ አበባን ያመሰውን ወረርሽኝ መንግሥት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አለው፣ ሌሎች ኮሌራ። ለታመመው ልጅ ሕክምናው ያው ፈሳሽ መተካት ነበር። መጠጣት ያቃተው፣ የፈዘዘ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት ልጅ ግን በቤት ኦአርኤስ አይያዝም፤ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፣ በመንገድም ከቻለ እየተጎነጨ ይሄዳል።