«ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል»፦ ስለ ሳይንሳዊ ሙከራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በመስክ ሙከራ ንድፍ ላይ ማማከር ነው። በዚህ ሥራ እንደ «ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቷል» ደጋግሜ የሰማሁት፣ እንደ እርሱም ያሰለቸኝ አነጋገር የለም። የሚሉት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። የፕሮጀክት ኃላፊዎች በሪፖርታቸው ይጽፉታል፤ የመኖ ነጋዴዎች ይምሉበታል፤ ቅጠል ቀቅሎ ጠጥቶ የተሻለው ጎረቤት ለሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። አብዛኞቹ አይዋሹም፤ ያዩትን በትክክል አይተዋል። ያዩት ነገር ግን የሚናገሩትን አያረጋግጥም። ለምን እንደማያረጋግጥ በሰፊው እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ቀለል ያሉትን ላንሣ።

«ሳይንስ የሚሠራው በቤተ ሙከራ ነው።» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ ከአፋር አፈር ነው የወጣችው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረው አጽሟ በሁለት እግር ለመራመድ የተሠራ ዳሌ አለው፤ አንጎሏ ግን ትንሽ ነበር። የሰው ዘር መጀመሪያ አንጎሉ አደገ፣ ቀጥ ብሎ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው የሚለው ግምት በዚህ ተናጋ። ግምትን ሊያፈርስ የሚችል ማስረጃ በሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ሳይንስ ይሠራል።

«ሳይንሳዊ ዘዴ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብለው በተራ የሚፈጸሙ ደረጃዎች ናቸው።» ለፈተና ይሸመደዱ ይሆናል፤ ሥራው ግን ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በብዛት የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የበሽታውን ተውሳክ የሚያሻግሩት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ያየ ሰው አይጠፋም። እርሳቸው ግን ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ተደርገው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ሞቱ። ከወንዙ ወደ ቤተ ሙከራ፣ ከቤተ ሙከራም ተመልሰው ወደ ወንዙ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው።

«ሙከራ ብዙ ገንዘብና ዘመናዊ መሣሪያ ይጠይቃል።» ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 በመርከብ ላይ የነበሩት 12 በስከርቪ (ድድ በሚያደማና ሰውነት በሚያዝል በሽታ) የታመሙ መርከበኞች ብቻ ነበሩ። ስድስት ጥንድ አደረጋቸው፤ ሁሉም በአንድ ስፍራ ተኝተው አንድ ዓይነት ምግብ በሉ። ልዩነቱ የፖም መጠጥ፣ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ኮምጣጤ፣ የባሕር ውኃ፣ የነጭ ሽንኩርትና የሰናፍጭ ልቁጥ ወይም ብርቱካንና ሎሚ ማግኘታቸው ብቻ ነበር። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በቀናት ውስጥ ተሻላቸው።

አሁን ወደ ዋናው።

«ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ነበር፣ ከተጀመረ በኋላ እንዲህ ሆነ፤ ስለዚህ ሠርቷል።»

አንድ አርሶ አደር አምና ከጤፍ ማሳው ያገኘው ምርት አነስተኛ ነበር እንበል። ዘንድሮ የተሻሻለ ዘር ተሰጠው፤ ምርቱ ጨመረ። ሪፖርቱ ጭማሪውን በሙሉ ለዘሩ ይሰጣል። ነገር ግን አምናና ዘንድሮ የሚለያዩት በዘር ብቻ አይደለም። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ዘሩን ያመጣው ባለሙያ በመስመር እንዲዘራ፣ ማዳበሪያ እንዲጨምር፣ አረሙንም ደግሞ እንዲያርም መክሮታል። ጎብኚ እንደሚመጣ ስለሚያውቅም ያንን ማሳ ከሌሎቹ አብልጦ ተንከባክቦታል። ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ተለውጦ ዘሩ ብቻውን ይመሰገናል።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ ምክንያትም አለ። መፍትሔ የሚፈለገው ነገሩ በከፋበት ሰዓት ነው። መኖ የሚቀየረው የላሚቱ ወተት በጣም ሲያንስ ነው፤ ሰው መድኃኒት የሚፈልገውም ሕመሙ ሲጠናበት ነው። ከፍና ዝቅ የሚል ነገር ደግሞ ዝቅ ካለ በኋላ ምንም ባይደረግለትም አብዛኛውን ጊዜ ወደ መካከለኛው ይመለሳል። ፍራንሲስ ጋልተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወላጆችንና የልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር ያገኘው ይህንኑ ነው፤ እጅግ ረጃጅም ወላጆች የሚወልዷቸው ልጆች በአማካይ ከእነርሱ ያንሳሉ። እንግዲህ ምንም የማይጠቅም መድኃኒት እንኳን በክፉ ቀን ከተሰጠ የሚጠቅም መስሎ ይታያል። ሰውየው አልተሳሳተም፣ በእርግጥ ተሽሎታል፤ ያሻለው ግን መድኃኒቱ መሆኑን የሚነግረው ነገር በእጁ የለም።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው የብሪታንያ የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ ነው። መድኃኒቱ እጅግ ውስን ስለነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማኑ በዕጣ ተከፈሉ። 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፤ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኞቹ 14 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ቁጥር አለ። መድኃኒቱን ካገኙት መካከል 28ቱ በኤክስሬይ ሲታዩ ከፍተኛ መሻሻል አሳይተዋል፤ ካላገኙትም መካከል 4 ሰዎች እንደዚያው። ከእነዚያ ከአራቱ አንዱ በዚያ ወቅት የሆነ ቅጠል ሲጠጣ ከርሞ ቢሆን ኖሮ፣ ቅጠሉ የነቀርሳ መድኃኒት ተብሎ ስሙ ይወጣ ነበር፤ ሰውየውም አንድም ሐሰት ሳይናገር ይመሰክርለት ነበር። የስትሬፕቶማይሲን ጥቅም የታወቀው 28 ሰዎች ስለተሻላቸው ብቻ አይደለም፤ 28ቱ ከ4ቱ አጠገብ ስለተቀመጡ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ሠርቷል» ባለኝ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከምን ጋር ሲነጻጸር? ማነጻጸሪያው በዚያው ወቅት፣ በዚያው መሬት፣ በዚያው እንክብካቤ ሥር የነበረ፣ ከሚፈተነው ነገር በቀር ሁሉ የተሟላለት መሆን አለበት። የአምናው ምርት ማነጻጸሪያ አይደለም። የጎረቤት ማሳም አይደለም።

ማነጻጸሪያ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። አንድ ተማሪ ፈሳሽ ማዳበሪያ በስንዴ ላይ ሞክሮ፣ እህሉ ታጭዶና ተመዝኖ ካለቀ በኋላ «ስታትስቲክሱን ሥሩልኝ» ብሎ መጣ። የተረጨው የማሳው የታችኛው ግማሽ ነበር፤ ያልተረጨው የላይኛው። ማሳው ተዳፋት ነው። ጎርፍ ለምለሙን አፈር ለዘመናት ወደ ታች አውርዶታል፤ እርጥበቱም የሚቆየው ታች ነው። ልዩነቱ የማዳበሪያው ይሁን የአፈሩ ማንም ሊለየው አይችልም። የትኛውም ሶፍትዌር፣ የትኛውም ስሌት ያንን ወቅት አይመልሰውም። ልጁ ጎበዝና ትጉህ ነበር፤ ይህም አብልጦ ያናድደኛል፤ ከመዝራቱ በፊት የግማሽ ሰዓት ምክር ያድነው ነበርና።

«ናሙናው ብዙ ከሆነ ስሕተቱ ይጠፋል።» እ.ኤ.አ. በ1930 በስኮትላንድ ላናርክሻየር ወተት የሕፃናትን ዕድገት ያፋጥን እንደሆነ ለማወቅ 20,000 ተማሪዎች ተመዘኑ፤ 10,000ዎቹ ለአራት ወራት በየትምህርት ቀኑ ወተት ጠጡ። መምህራኑ አንዱ ቡድን ጠንካሮች ወይም ደካሞች የበዙበት ከመሰላቸው ልጆችን እንዲያቀያይሩ ተፈቀደላቸው። አዘኑ፤ የከሱትንና የድሆችን ልጆች ወደ ወተቱ አሻገሩ። በዚህም የማነጻጸሪያው ልጆች ገና ሲጀመር ረዘም፣ ከበድ ያሉ ሆኑ። ልጆቹ ከነልብሳቸው በብርዱ ወራት ተመዝነው በሙቀቱ ወራት መባቻ እንደገና መመዘናቸውም ነገሩን አባሰው፤ የደኅና ቤተሰብ ልጅ የሚያወልቀው ወፍራም ልብስ አለው፣ የድሃው ልጅ የለውም። በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረውና «ስቱደንት» በሚል ስም የሚጽፈው ዊልያም ጎሴት እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳሳሰበው፣ 50 ጥንድ አንድ ዓይነት መንትዮች በጥቂት ወጪ የበለጠ አስተማማኝ መልስ ይሰጡ ነበር። ትልቅ ናሙና የአጋጣሚን መዋዠቅ ይቀንሳል፤ ያጋደለውን አከፋፈል ግን አያቃናም፤ የተሳሳተውን መልስ በእርግጠኝነት እንድንናገረው ያደርጋል እንጂ።

«በዘፈቀደ መደልደል ማለት እንደመጣልን መምረጥ ነው።» በፍጹም። ከበረት እጅ የገባውን ዶሮ መጀመሪያ የያዘ ሰው ቀርፋፋውንና ደካማውን በአንድ ቡድን ሰብስቧል። ዕጣ ማለት በወረቀት ወይም በኮምፒውተር የሚወጣ፣ የእኛ ርኅራኄና ምርጫ የማይገባበት ድልድል ነው።

«ከአንድ መደብ ሦስት ናሙና ወስጄአለሁ፤ ሦስት ድግግሞሽ አለኝ።» የለህም። አንድን መደብ፣ ማለትም አንዲትን ቁራሽ የሙከራ መሬት፣ ሦስት ጊዜ ለክተሃል። ድግግሞሽ የሚባለው ማዳበሪያው በዕጣ ለየብቻ የተሰጣቸው ሦስት መደቦች ሲኖሩ ነው።

«ለማነጻጸሪያው ቡድን መድኃኒቱን መንፈግ ግፍ ነው።» ይህን የሚሉ ሰዎች ደግ ልብ አላቸው፤ መልሱም በቁም ነገር ሊሰጣቸው ይገባል። ከድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የተረፉ ሰዎችን የልብ ምት መዛባት የሚያረጋጉ መድኃኒቶች በአሜሪካ በሰፊው ይታዘዙ ነበር። የተዛባው ምት ሲጠፋ ሐኪሞች በዓይናቸው ያዩ ነበርና ሕይወት እንደሚያተርፉ ብዙዎች አልተጠራጠሩም። በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ሲደረግ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የወሰዱት ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት በልጠው ሞቱ፤ በእነዚህ መድኃኒቶች የሚካሄደው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1989 ቆመ። የሚጠቅም መሆኑ ያልታወቀን ነገር ለሁሉ ማደል ርኅራኄ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ማነጻጸሪያ በሌለበት አይታይም።

«ለውጥ ካልታየ ሙከራው ከሽፏል።» በዚህ አስተሳሰብ ምክንያት ተማሪዎች ውጤታቸውን ሲደብቁ፣ ወይም የሚስማማ ቁጥር እስኪያገኙ ድረስ መረጃውን ሲከፋፍሉ አያለሁ። ማዳበሪያው ምርት አለመጨመሩን በደንብ በታቀደ ሙከራ ማሳየት ለገበሬው ገንዘብ ያተርፍለታል። የመደቦቹ ቁጥር አንሶ ልዩነቱ ሳይታይ መቅረቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ እንዳይሆን ለገበሬው የሚጠቅመው ትንሹ ጭማሪ ስንት ኩንታል እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ የድግግሞሹ ብዛት የሚሰላው ከዚያ ነው።

ማሳው ተዳፋት ከሆነ ብሎኮቹን፣ ማለትም መደቦቹ በቡድን የሚቀመጡባቸውን የማሳ ክፍሎች፣ ተዳፋቱን አቋርጣችሁ አስምሩ፤ በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ መደቦች በአንድ ከፍታ ላይ ይሁኑ። በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ዕጣ እንደገና አውጡ። የዳር መስመሮችን ከምዘናው አውጡ፤ ብርሃንና ቦታ ስለሚያገኙ ከመካከለኞቹ ይልቅ ያፈራሉ። የስንዴ ዋግ የሚመዘግበው ሰው የትኛው መደብ ምን እንደተረጨ አይወቅ፤ መደቦቹን በቁጥር ብቻ ሰይሙ። የሚለካው ዋና ነገር ምን እንደሆነ፣ መቼና እንዴት እንደሚለካ ጽፋችሁ ቀን አኑሩበት። የማሳውን ካርታና የዕጣውን ዝርዝር ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ ሂዱ፤ የምትሄዱት ግን ዘሩ መሬት ሳይነካ ነው።