ስለ ማኮብኮቢያ አቀራረብ መብራት የሰለቹኝ አባባሎች

አውሮፕላን ሊያርፍ በሚመጣበት በኩል፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወደ ውጪ በሜዳው ላይ ተደርድረው የሚታዩት የአቀራረብ መብራቶች ናቸው። ሥራዬ በአነስተኛ አየር ማረፊያዎች እነሱን መትከል ነው። ቆሞ የሚያይ ሁሉ ባለሙያ የሚሆንበት ሥራ ነው።

«መሬቱን ለማብራት ነው።» አብራሪው መሬቱን ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው መብራቶቹን ራሳቸውን ነው፤ ቁመታዊው መስመር መሃሉን ያሳየዋል፣ አግድሞቹ ደግሞ ክንፉ መዘንበል አለመዘንበሉን። ለዚህም ነው ፊታቸው ቀና ብሎ የሚተከለው፤ ርዝመቱ 900 ሜትር በሆነው የመብራት ድርድር ለማኮብኮቢያው የቀረቡት 5.5 ዲግሪ፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ከ640 ሜትር ወዲያ ያሉት 8 ዲግሪ።

«ቀይና ነጭ የሚያሳየው እሱ ነው።» ያ ፓፒ ነው፤ አብራሪው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እየወረደ መሆኑን የሚነግረው፣ ከማኮብኮቢያው ጎን የሚቆም ሌላ መሣሪያ።

«አንድ አምፖል ሲቃጠል ሁሉም ይጠፋል።» መብራቶቹ በተከታታይ መያያዛቸው እውነት ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ትራንስፎርመር ስላለው የቀሩት መብራታቸውን ይቀጥላሉ።

«በደመቀ ቁጥር ይሻላል።» ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ሙሉ ኃይሉን ቢለቁበት አብራሪው ዓይኑ ይጭበረበራል። ብዙውን ጊዜ አምስት የድምቀት ደረጃዎች ያሉትና የመጨረሻው ከሙሉው 1 በመቶ ብቻ የሆነው በከንቱ አይደለም።

ደሜን የሚያፈላው ግን ይህ ነው፦ «ምሰሶው ቀጭን ነው፤ ብረቱን አወፍሩት፣ ኮንክሪት ሙሉበት።»

ምሰሶው እንዲሰበር ተብሎ የተሠራ ነው። ነፋስንና የሞተር ግፊትን ይችላል፤ አውሮፕላን ሲነካው ግን ተቆርጦ መሄድ አለበት። በ1971 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ ይነሣ የነበረ የፓን አም ቦይንግ 747 ከማኮብኮቢያው ማዶ ያለውን የአቀራረብ መብራት መዋቅር ገጨ። የብረቱ ቁርጥራጮች የአውሮፕላኑን አካል ቀደው መንገደኞች ወደ ተቀመጡበት ገቡ፤ ሁለት ሰዎች ክፉኛ ቆሰሉ፣ ከአራቱ የሃይድሮሊክ መስመሮችም ሦስቱ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ማረፉ ራሱ የሚደንቅ ነው። «ጠንካራ ብረት» ማለት ይህ ነው።

አንድ የግንባታ ተቋራጭ፣ እኔ በሌለሁበት፣ የምሰሶዎቹን እግር እስከ ጉልበት ድረስ በኮንክሪት ሞላልኝ። መሰበሪያው አንገት የት ገባ? ኮንክሪቱ ውስጥ! እንዳይሰረቅ ብሎም የኤሌክትሪክ ገመዱን በሽቦ ከመሠረቱ ጋር ጠፍሮታል። ምሰሶው ሲቆረጥ የገመዱ መሰኪያም አብሮ መላቀቅ አለበት፤ ካልሆነ የተሰበረው ብረት በገመዱ ተንጠልጥሎ አውሮፕላኑን ይጠልፋል። ሁሉንም አስፈርሼ እንደገና አስተከልኩ፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ስለዚህ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የአምራቹን ሥዕል አውጡና መሰበሪያው የት እንዳለ በጣት አሳዩ። የመሠረቱ አናት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፤ ብቅ ያለ ኮንክሪት ራሱ እንቅፋት ነው። ጥንካሬ ካማራችሁ ከመሬት በታች ቆፍሩ።

ሸለቆ ላይስ? ከማኮብኮቢያው ጫፍ ከ300 ሜትር ወዲያ ባለው ክፍል፣ ድጋፉ ከ12 ሜትር በላይ ሲረዝም በቀላሉ መሰበር የሚጠበቅበት የላይኛው 12 ሜትር ብቻ ነው። ይህንኑ ደንብ ጠቅሶ፣ ሁለት ሜትር ለማይሞላ ምሰሶ ኮንክሪት ፍቀድልኝ ያለኝም ሰው አለ።