ነጻ ነን ወይስ አይደለንም? ስለ ዜጋ ነጻነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ ሰው በርጩማ ስቦ ሲቀመጥ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፤ የዴሞክራሲ አገር ዜጋ የምር ነጻ ነው? አንዱ «ሕገ መንግሥት አለን፣ ነጻ ነን» ይላል። ሌላው «ተወው፣ ወረቀት ነው» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ነጻነት የሚታየው አንድ ሹም በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ፊርማ ግዴታውን መወጣት አለበት በሚባልበት ቦታ ነው። የሚከተሉት አባባሎች የሚስቱትም እዚያው ላይ ነው።

«ቅኝ ስላልተገዛን ነጻ ነን»

አማርኛው ራሱ ያሳስታል። በአንድ ቃል የአገርንም ነጻነት፣ የሰውንም ነጻነት እንጠራለን፤ «ነጻ ሕክምና» ስንል ደግሞ ክፍያ የለውም ማለታችን ነው። «አርነት» ግን ጥርት ያለ ቃል ነው፤ አርነት የሚወጣ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። በነገሥታቱ ዘመን በጅማው የሂርማታ ገበያ ከቡናው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ያኔ አገሪቱ በማንም ቅኝ አልተያዘችም፤ ለተሸጠው ሰው ግን ይህ ምንም አልፈየደለትም። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው።

«ፖሊስ ከያዘህ እስኪያጣሩ መጠበቅ ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ገበያ መሃል የተያዘ ሰው፣ ቅዳሜ 9 ሰዓት ሳይሞላ ዳኛ ፊት መቆም አለበት ማለት ነው። ከቆጠራው የሚወጣው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ከሩቅ ወረዳ ለመጣ ሰው ይህ ሰዓታት ሊሆን ይችላል፤ ከሂርማታ በባጃጅ ለሚሄድ ግን ደቂቃዎች ናቸው። «ነገ እሁድ ነው» ወይም «መርማሪው መስክ ወጥቷል» የሚል ሰበብ አንቀጹ ውስጥ የለም።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው፣ ሰዓቱን የጻፈ ሰው በመጥፋቱ ነው። ቤተሰብ ከልቅሶና ከስልክ በፊት አራት ነገር ይጻፍ፤ የተያዘበት ሰዓት፣ ቦታው፣ የተወሰደበት ጣቢያ፣ ሲያዝ ያየ ሰው። ሰዓቱ ካልተጻፈ፣ በኋላ «ዛሬ ነው ያመጣነው» ሲባል መልስ የለም።

ችሎት ሲቀርብ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ሰውየው ታስሮ እንዲቆይ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ግን ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አልገደበም። ውኃው የሚፈሰው በዚህ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀጠሮ መነሳት ያለበት ጥያቄ «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ? የቀረውስ ምስክር ማን ነው?» የሚል ነው። ዳኛው መዝገብ ላይ ካሰፈረው፣ በሦስተኛው ቀጠሮ ያንኑ ምክንያት መድገም ለፖሊስ ይከብደዋል።

ጅማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ችሎቱ የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። የክሱን ሂደት በቋንቋው ምክንያት የማይከታተል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው (አንቀጽ 20)። የተያዘበትንም ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። እኛ ግን ከይሉኝታ የተነሳ፣ ግማሹ ሳይገባን «እሺ፣ ገብቶኛል» ብለን አንገት እንነቀንቃለን። ያቺ መነቅነቅ መዝገብ ላይ «ተረድቷል» ተብላ ትጻፋለች።

48 ሰዓቱ አልፎ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው ሲኖር፣ ዘመድ ወይም ጠበቃ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ይህ ሁሉ በተግባር ይጣሳል ወይ? ይጣሳል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ደጋግሞ ዘግቦታል። ኮሚሽኑ ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሰው ግን ሁለቱን ትቶ መጀመሪያ የሚሮጠው «የሚያውቀው ሰው» ዘንድ ነው።

ስለ ብርበራ አንድ ነገር ብቻ፤ ፍርድ ቤት በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማዘዣውን ጠይቆ ማንበብ ነውር አይደለም።

«ሰልፍ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል»

በአዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠየቀው ማሳወቅ ነው። በጽሑፍ፣ ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊት፣ በከተማ ለከተማው አስተዳደር። ደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ ቦታው ወይም የሚታለፍበት መንገድ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚሳተፉት እነማን እንደሆኑ፣ ከመንግሥት የሚፈለገው እገዛ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይቀየር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት።

የሚያደናቅፈው ትንሽ ነገር ነው። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ካልተወሰደ፣ መዝገብ ቤት በቅጂው ላይ «ገቢ» ብሎ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ካልጻፈበት፣ 12 ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሌላው የቦታ ጉዳይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ቦታ በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ አይፈቀድም፤ በገበያ ቀንም የገበያ ቦታ ላይ አይቻልም። ስለዚህ የገበያው ቀን በሆነው ሐሙስ ለሂርማታ ያቀደ ሰው ገና ከጅምሩ ለከልካዩ ምክንያት ሰጥቶታል።

«ከመረጥኩ ነጻ ነኝ»

ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ የእንግሊዝ ሕዝብ ነጻ የሚሆነው ምርጫ በሚያደርግበት ጊዜ ብቻ ነው ብሎ የተቸው ከ250 ዓመት በፊት ነው። በእኛ ሥርዓት ደግሞ ብልጫ ያገኘ ሁሉንም ይወስዳል፤ ሦስት ተወዳዳሪዎች 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ ባለ 40ው ያልፋል፣ ከመቶ 60ው የመረጡት ይወድቃሉ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ ሄደዋል። መራጭ ለመሆን ዕድሜ 18 መሙላትና በምርጫ ክልሉ 6 ወር መኖር ስለሚጠይቅ፣ ለቡና ለቀማ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይመዘገብም። ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል አንቀጽ 12 ይላል፤ ይህን ግን ቡና ላይ ሲያነሳው የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው።

«የፈለግኩትን ብናገር ማን ይነካኛል»

በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ግን ወደ 3 ዓመት ወይም 100,000 ብር ከፍ ይላል። ጀርመንም የናዚ ምልክት በአደባባይ ማሳየትን በወንጀል ትቀጣለች። ገደብ የሌለው ንግግር ያለበት አገር የለም፤ የሚያከራክረው ገደቡ የት ላይ እንደተሰመረና ማን እንዳሰመረው ነው።

«መረጃ ከሰጡኝ ውለታ ነው»

ሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። «የቀበሌውን በጀት ስጡኝ» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «የ2016 ዓ.ም. የውስጥ መንገድ ሥራ ውል ቅጂ» የሚለው ይሻላል፤ ሰፊ ጥያቄ ለሰፊ ሰበብ ይመቻል።

«መንግሥት ካልነካኝ ነጻ ነኝ»

በመጋዘን ቡና ስትለቅም የምትውል ሴት ነጻነት በአብዛኛው ያለው በአሠሪዋ እጅ ነው። የሥራ ሕጉ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፤ ትርፍ ሰዓት ቢበዛ በቀን 4፣ በሳምንት 12። የበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት በ2 ተኩል እጥፍ ይከፈላል። የሰዓት መቆጣጠሪያ በሌለበት መጋዘን ግን እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሚኖሩት እሷ ራሷ ደብተር ላይ ከጻፈች ነው።

«በሠለጠነው ዓለም ሙሉ ነጻነት አለ»

ስዊዘርላንድ ለሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በአውስትራሊያ ያለ በቂ ምክንያት ያልመረጠ ይቀጣል። ሕንድ ትልቅ ዴሞክራሲ ሆና ሳለ ከ1975 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተቃዋሚዎችን በጅምላ አስራለች።

«አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ መብት ሁሉ ይቀራል»

አንቀጽ 93 ለዚህም ቁጥር አለው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል፤ ሁለት ሦስተኛው ካልደገፈው ይወድቃል። ከጸደቀ ቢበዛ 6 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በየ4 ወሩ፣ በዚያው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይታደሳል። ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ መብት (አንቀጽ 18) እና እኩልነት (አንቀጽ 25) ግን በአዋጁ ጊዜም አይታገዱም፤ በዚያ ወቅት የተደበደበ እስረኛ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ወረቀቱ ላይ ቀን እንዲጻፍለት ይጠይቅ።