«ሞር ቤተር» ለምን አይባልም?

አማርኛ ሲያወዳድር ቅጽሉን አይነካውም። «ረጅም» ያው «ረጅም» ነው፤ «ከእኔ የበለጠ ረጅም» ብለን እናልፋለን። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን ራሱን ይለውጠዋል፤ «ቶል» «ቶለር» ይሆናል። መጨረሻ ላይ የተቀጠለችው «ኧር» የ«የበለጠ»ን ሥራ ጨርሳዋለች። ስለዚህ «ሞር ቶለር» ስንል «የበለጠ የበለጠ ረጅም» እያልን ነው። «ሞር ቤተር»ም ያው ጣጣ አለበት፤ «ቤተር» በራሱ «የተሻለ» ነውና።

ታዲያ «ሞር» መቼ ትመጣለች? ቃሉ ሲረዝም። «ኤክስፔንሲቨር» ለምላስም አይመችም፤ «ሞር ኤክስፔንሲቭ» ነው። «ሃፒ»ን የመሰሉ፣ በ«ኢ» ድምፅ የሚያልቁ ባለሁለት ቀለም (ባለሁለት ክፍለ ቃል) ቃላት ግን «ሃፒየር» እንደሚለው ይሄዳሉ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ የ«ከ» ነገር ነው። የእኛዋ «ከ» ሁለት ሥራ ደርባ ትሠራለች፦ «ከቤት መጣ»፣ «ከእኔ ይረዝማል»። እንግሊዝኛ ይህን ለሁለት ከፍሎታል። መነሻውን «ፍሮም» ይይዛል፣ ማወዳደሩን «ዛን»። «ቶለር ፍሮም ሚ» የሚያሰኘን እንግዲህ የገዛ ቋንቋችን ነው። ትክክሉ «ቶለር ዛን ሚ» ነው።

«ቬሪ»ም እንዲሁ ታሳስታለች። በአማርኛ «በጣም የተሻለ» ማለት ምንም ችግር የለውም። «ቬሪ ቤተር» ግን አያስኬድም፤ «መች ቤተር» በሉ።

ተውሳከ ግሥ ላይ ደግሞ «ክዊክሊ» «ሞር ክዊክሊ» ይሆናል። «ፋስት» (በፍጥነት) እና «ሃርድ» (ጠንክሮ) ግን «ፋስተር» እና «ሃርደር» ናቸው። «ሃርድሊ» የሚባል ቃልም አለ፤ ትርጉሙ ግን «እምብዛም» ነው። «አይ ዎርክ ሃርድሊ» ብላችሁ አለቃችሁ ፊት ባትቀርቡ ይሻላል።