ወርዘልያ፦ የአራስ ቤት ጠላት

ጋኔን ጎታች ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በእኩለ ሌሊት ስም እየደጋገመ አጋንንት የሚሰበስብ ደብተራ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በአገራችን ሞልቷል። ወርዘልያ የምትባለው ጋኔን ግን በዚያ ወሬ ውስጥ የለችበትም። ሀብት አትሰጥም፣ ምስጢር አታወጣም፣ መስተፋቅር አትሠራም። ስሟ ብራና ላይ የሚሰፍረው ደጃፉን አይታ እንድትመለስ ነው።

ሥራዋ አንድ ነው፤ ልጅ ትገድላለች። ጽንስ ታስወርዳለች፣ የተወለደውን ትቀጥፋለች። ስለ እሷ የምናውቀው በአብዛኛው ከአንድ አጭር የግዕዝ ጸሎት የመጣ ነው። ጸሎተ ሱስንዮስ ይባላል። በክታቦች ላይ እየተደጋገሙ ከሚገኙት ጸሎቶች አንዱ ነው፤ ልጅ ለሚሞትባት ሴት የሚጻፍ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሱስንዮስ የሚባል ሰው ሚስት አገባ። ወንድ ልጅ ወለደችለት። ወርዘልያ ገብታ ልጁን ገደለችው። እናት ጮኸች። ሱስንዮስ ጦሩን ይዞ ፈረሱ ላይ ወጣና ፍለጋ ሄደ። መንገድ ዳር የተቀመጠች አሮጊት አገኘና ጠየቃት። «እዚያ አትክልት ውስጥ ገብታለች» አለችው። ሲደርስ ወርዘልያ ከዛፍ ሥር ተቀምጣለች፤ ርኩሳን መናፍስት ከብበዋታል። ከፈረሱ ወረደ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተንበረከከ፣ ጸለየ። ጸሎትህ ተሰምቷል የሚል ድምፅ ከሰማይ መጣለት። ተነሥቶ በጦሩ ጎኗን ወጋት።

የጸሎቱ ጉልበት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ወርዘልያ በሰባቱ ሊቃነ መላእክት ስም ትምላለች። ስምህ በሚጠራበት፣ ጸሎትህ በሚገኝበት ቦታ ዳግመኛ አልደርስም ትላለች። እንግዲህ ክታቡ የዚህ መሐላ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። ደብተራው ታሪኩን ሲጽፍ ጋኔኗን የገዛ ቃሏን እያስታወሳት ነው። እንደ ውል ወረቀት ነው ነገሩ።

ስንክሳር የሚባለው የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ የሚተርከው ደግሞ ከዚህ ይለያል። ሚያዝያ 26 የሚታሰበው ሰማዕቱ ሱስንዮስ በንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የአንጾኪያ ሰው ነው። በዚያ ትረካ ገዳይዋ የገዛ እኅቱ ናት። የወለደቻትን ልጅ ገድላ ከሰይጣን ጋር የተወዳጀች። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይኼኛው ነው። በክታቡ ጠላት ከውጭ ትመጣለች፤ በስንክሳሩ ግን ከቤት ነው የወጣችው። በነገራችን ላይ፣ ይህ ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. ከነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ጋር የስም እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም።

ወርዘልያ የኛ ብቻ አይደለችም። በግብፅ፣ ባዊት በሚባለው ቦታ በነበረው የአባ አጵሎ ገዳም ግድግዳ ላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ቅዱስ የወደቀች ሴት በጦር ሲወጋ ተስሏል። የቅዱሱ ስም ሲሲንዮስ ነው፤ የሴቲቱ ደግሞ አላባስድርያ። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ ጌሎ የምትባል የሕፃናት ገዳይ ያውቁ ነበር። በባይዛንታይን ዘመን ስሟ ጊሉ ሆነ፤ እዚያም የሚያሳድዳት ሲሲንዮስና ወንድሞቹ ናቸው። ይዘው ሲያስጨንቋት አሥራ ሁለት ተኩል ስሞቿን ትናዘዛለች። ግማሹ ስም የቱ እንደሆነ እንጃ! እነዚያን ስሞች ጽፎ የያዘ ሰው ቤት አትገባም። በአይሁድ ዘንድ ሊሊት የምትባለውን የሕፃናት ጠላት ለመመለስ የተላኩት ሦስት መላእክት ሳንዊ፣ ሳንሳንዊና ሰማንገሎፍ ይባላሉ። እነሱም ስማቸው በክታብ ላይ ይጻፋል። ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ የሱስንዮስ ስም ከሩቅ ይሰማባቸዋል።

የሰሎሞን ኪዳን የሚባለው ጥንታዊ የግሪክኛ መጽሐፍም ኦቢዙት የምትባል አለችው። ሌሊት ሌሊት እየዞረች አራስ ትፈልጋለች፣ ሕፃን ታንቃለች። ሰሎሞን በጠጉሯ አስሮ በቤተ መቅደሱ ፊት አሰቀላት። አውሮፓውያን በኋላ የጻፏቸው የጋኔን መጥሪያ መጻሕፍት ያንኑ ንጉሥ አባታቸው አድርገውታል፤ አጋንንትን እየዘረዘሩ ለሥራ የሚጠሩባቸው ናቸው። መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው የኛው ጸሎት ግን ወጥመድ ነው። «ዘረበቦሙ ለአጋንንት ከመ መርበብተ ዓሣ ዘባሕር» ይላል። አጋንንትን እንደ ባሕር ዓሣ በመረብ ያጠመደበት ማለት ነው። ከጸሎተ ሱስንዮስ ጋር በአንድ ክታብ ላይ ተከታትለው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ክታቡ አሠራር እንምጣ። መጀመሪያ ደብተራው የሴቲቱን ስም ከእናቷ ስም ጋር አድርጎ ያሰላል፣ ኮከቧን ያወጣል። በዚያ መሠረት በግ ወይም ፍየል ይመረጣል፤ የጠጉሩ ቀለም ሳይቀር ይታዘዛል። የታረደው እንስሳ ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ብራናው በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁራጭ፣ ጫፍና ጫፉ ይሰፋል። ርዝመቱ የባለቤቷ ቁመት ነው። ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቃት። ስለዚህ ብዙዎቹ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳሉ፤ ስፋታቸው ግን መዳፍ ቢያህል ነው። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይሄዳል። የጸሎቱ መጀመሪያና ስሞች ቀይ ናቸው።

በጽሑፉ መካከል ጠልሰም ይሣላል። ሰይፍ የያዘ መልአክ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በኮከቡ መሃል ፊት። ዐይን ይበዛበታል። ጠልሰምን ያጠኑ ሰዎች እንደሚያስረዱት በሽተኛዋ ሥዕሉን ትኩር ብላ ታያለች፤ በውስጧ ያለው ጋኔን በእሷ ዐይን ያየዋል፣ ደንግጦም ይሸሻል። ሥዕሉ ለጌጥ አልተሠራም ማለት ነው። ከዚያ ክታቡ ተጠቅልሎ ቆዳ ማኅደር ውስጥ ይገባና አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ወይም አልጋው አጠገብ ይሰቀላል።

በየጸሎቱ መጨረሻ «ዕቀባ ለአመትከ» ይልና ስም ይከተላል፤ አገልጋይህን ጠብቃት ማለት ነው። የሚገባው የክርስትና ስም ነው። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል እንደሚባለው። የሰፈር ስም እዚህ አይሠራም። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛይቱ ስም ይፋቅና የአዲሲቱ ይጻፋል። ዛሬ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በፕሪንስተን፣ በአዲስ አበባም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በሚገኙት ክታቦች ላይ ይህ ፍቅፋቂ በደንብ ይታያል። አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ናቸው። ከአጥኚዎቻቸው አንዷ ዲቦራ ሊፍሺትስ በ1932 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር መጥታ ነበር። በዚህ ዓይነት ጽሑፎች ላይ መጽሐፏን በ1940 አሳተመች። አይሁዳዊት ነበረች። በ1942 አውሽዊትዝ ተገደለች።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ሁሉ ምን ትላለች? ሱስንዮስን እንደ ሰማዕት ታከብረዋለች። አስማትን ግን ታወግዛለች። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ በሚባሉት አማልክትና በጠንቋዮች ላይ ብርቱ ዘመቻ አድርገዋል። ችግሩ ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ ራሱ ማሕሌት የሚቆም የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኑ ነው። በቀን ቅኔ ይዘርፋል፣ በማታ ጠልሰም ይሥላል። በጸሎቱ ውስጥም ቢሆን የሥላሴን ስምና ምንም ትርጉም የማይሰጡ ስሞችን ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ድንበሩን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው።

በሕዝቡ አፍ ግን ከወርዘልያ ይልቅ የቆየው ስም ሾተላይ ነው። ልጅ አላቆም ያላት እናት ሾተላይ አለባት ይባላል። ሾተላይን ለመከላከል ከክታቡ ሌላ ብዙ ነገር ነበር። አራስ ብቻዋን አትተውም። ብረት ነገር ከራስጌዋ አይጠፋም፣ ለሽንት ስትወጣም ይዛው ትወጣለች። ክርስትና እስኪነሣ ድረስ፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን፣ ቤቱ ይጠበቃል። ከሞተ ልጅ በኋላ ለሚወለደው ምትኩ ወይም ካሳ የሚል ስም ይወጣለታል።

ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት የደም አለመጣጣምን ነው። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆኑ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ በሰላም ይወለዳል። የእናቲቱ ሰውነት ግን ከዚያ በኋላ መከላከያ ያመርትና የሚቀጥለውን ጽንስ ቀይ የደም ሴል ያጠቃል። ይህ የደም ዓይነት የታወቀው በ1940 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን የሚከላከለው አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ደግሞ ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። «የድሮው ወርዘልያ ይኸው ነበር» ማለት ግን ችኮላ ነው። በጸሎቱ የሞተው የመጀመሪያው ልጅ ነው፤ ያኔ ሕፃን በወባም፣ በተቅማጥም፣ በወሊድ ጊዜም ይሞት ነበር። ሐኪሞቹ ከደብተራው የወሰዱት ቃሉን ብቻ ነው። ኔጌቲቭ ደም ያላት እናት፣ ልጇ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ መርፌዋን ትወጋለች። «ይኼ የሾተላይ ነው» ይሏታል።